የዖዛ ምዕራፍ እና የአባቴ ግራ እጅ

ይህ ታሪክ መጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። ሰው አልሞተበትም። በሰሜን ሸዋ፣ በአንድ የቀወት ወረዳ ቀበሌ፣ በአንድ አጥቢያ ሰዎች መካከል የተነሣ ጠብ ነው። ከጠበኞቹ አንዳንዶቹ ዛሬም ከእናቴ ጋር አንድ ወፍጮ ቤት ይሰለፋሉ፤ ይህን አንብበው ቅር እንዲላቸው አልፈልግም። ነገር ግን የዩኒቨርሲቲ ግቢ ጓደኞቼ ስለ ብሉይ ኪዳን ቅጣቶች በተከራከሩ ቁጥር፣ እግዚአብሔር እንዲያ ማድረጉ ፍትሕ ነው፣ አይደለም እያሉ ሲፋጠጡ፣ እኔ ዝም እላለሁ። ለምን ዝም እንደምል ይጠይቁኛል። በአጭሩ መናገር ስላልቻልኩ አንድ ጊዜ በደንብ ልጻፈው ብዬ ወሰንኩ።

ያኔ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ጥቂት ወራት ብቻ ነበር። ትምህርት ክፍል እንኳ አልተመደብኩም። ለዕረፍት ወደ ቤት ስመለስ ግን በሰፈሩ ሁሉ «የዩኒቨርሲቲዋ» እባል ጀመር። ከዚያ በፊት የምታወቀው በአንባቢነቴ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት መጽሐፍ የማነበው እኔ ነኝ። አንብቢ ሲሉኝ አነባለሁ፤ እዚህ ላይ አቁሚ ሲሉኝ አቆማለሁ። ታላላቆች «ጎበዝ፣ ብርቄ» ሲሉኝ ቀኑን ሙሉ ደስ እያለኝ እውላለሁ። ማንንም ማስቀየም የማልወድ ልጅ ነበርኩ።

በዚያ ዓመት ጥምቀት እንደ ወትሮው አልተከበረም። ታቦታችን ያድርበት የነበረውን የወንዝ ዳር፣ አሸዋ ጫኝ መኪኖች ቆፍረው ገደል አድርገውት ነበር። ስለዚህ ታቦቱ ሩቅ ወደሆነ የወንዙ መታጠፊያ እንዲወርድ ተወሰነ። ታቦት የሚሸከሙት ካህን ቄስ አያሌው ብቻ ናቸው፤ እርሳቸው ደግሞ አርጅተዋል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ጋሼ ደምሴ የሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ በቅርቡ አዲስ አይሱዙ ገዝተው ነበር። ታቦቱ በእሳቸው መኪና እንዲሄድ ሐሳብ አቀረቡ። አንዳንድ ሽማግሌዎች ታቦት በካህን ራስ ላይ በእግር ነው የሚሄደው፣ የአባቶቻችን ሥርዓት ይኸው ነው ብለው አጉረመረሙ። ጋሼ ደምሴ ግን ቄሱን በዚያ ፀሐይ ልትገድሏቸው ነው ወይ አሏቸው። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ጥር አሥራ አንድ ቀን ታቦቱ ሲመለስ አይሱዙው ምንጣፍ ተነጥፎበት፣ በባንዲራና በዘንባባ አጊጦ ነበር። ቄስ አያሌው ታቦቱን በራሳቸው ላይ ተሸክመው መኪናው ላይ ቆመዋል። ዲያቆናት በግራና በቀኝ አሉ። ከኋላቸው ትልቁን ጃንጥላ የያዘው አባቴ ነው። አባቴ በቀለ ረጅምና ጠንካራ ገበሬ ስለሆነ ጃንጥላ የሚሰጠው ለሱ ነበር። እኛ የሰንበት ተማሪዎች ከኋላ እየዘመርን እንከተላለን።

ደረቁን ወንዝ ስንሻገር የመኪናው የፊት ጎማ አሸዋ ጫኞቹ በቆፈሩት ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ዲያቆናቱ እርስ በርሳቸው ተደራርበው ወደቁ። ቄስ አያሌው ክፍት ወደነበረው የመኪናው ጎን ሲያጋድሉ አየሁ። አባቴ ጃንጥላውን ጣለና በግራ እጁ የመኪናውን የጎን ብረት ጨበጠ፤ ቀኝ እጁን ዘርግቶ መጎናጸፊያ የለበሰውን ታቦት ከቄሱ ትከሻ ጋር አንድ ላይ ደገፈ። ቄሱም ታቦቱም ቀጥ አሉ።

ዕልልታው ቆመ። ማንም እሰይ አላለም። ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ «ነካው» አለ። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ እየሰማሁት ነበር።

ቄስ አያሌው ወገባቸው ተጎድቶ ነበር። ቢሆንም ከመኪናው ወረዱና ዲያቆናት ክንዳቸውን ይዘዋቸው የቀረውን መንገድ በእግራቸው ሄዱ። አባቴ አልተከተለም። አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ብረቱ ግራ መዳፉን ሰንጥቆት ስለነበር በጋቢው ጫፍ ጠቅልሎታል። እኔም አጠገቡ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ሲያልፍ ወዲያ ወዲያ እያየ አለፈን።

በማግስቱ ሰላምታ የሚሰጠን ጠፋ። ረቡዕ የሽንኩርታችን የወንፈል ቀን ነበር። አባቴ ለሁሉም ተራ በተራ ወጥቶ ነቅሎላቸዋል፤ ያን ቀን ተራው የኛ ነበር። እናቴ ለሠራተኛ የሚበቃ ምሳ አዘጋጅታ ጠበቀች። አንድም ሰው አልመጣም። እኔና እናቴ ብቻችንን ስንነቅል ዋልን። አባቴ በአንድ እጁ ሊሠራ ሞከረ፤ ግራው ግን እስከ አንጓው ድረስ አብጦ ነበር።

እብጠቱ ከኛ በፊት ወሬ ሆኖ ከተማ ደረሰ። ተቀሠፈ አሉ። ታቦት የነካበት እጅ ሊበሰብስ ነው አሉ። እኔ ነገሩን የማስተካክለው መስሎኝ ሐሙስ ዕለት ጋሼ ደምሴ መጋዘን ሄድኩ። ሽንኩርት የሚመርጡ ሴቶች ነበሩ፤ እኔን ሲያዩ ሥራቸውን አቆሙ። በትሕትና ሰላም ብዬ፣ አባቴ ታቦቱን የደገፈው በቀኝ እጁ እንደሆነ፣ ያበጠው ግን ብረት የቆረጠው ግራው እንደሆነ አስረዳሁ። ጋሼ ደምሴ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«የኔ ልጅ፣» አሉ፣ «እግዚአብሔር ሲመታ ግራ ቀኝ አይመርጥም።»

ሴቶቹ ሳቁ። አንዷ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፈጣሪን መክሰስ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። በመንገድ ላይ ያናደደኝ ሳቃቸው አልነበረም። ቀኙ ቢያብጥም፣ ግራው ቢያብጥም፣ ጨርሶ ምንም ባያብጥም መልሳቸው አንድ መሆኑን ማወቄ ነበር። ሽንኩርታችን ቢበላሽ ቅጣት ነው። ባይበላሽ ደግሞ ጊዜ ተሰጥቶት ነው ይላሉ።

ይህን ሁሉ እንችለው ነበር። የከፋው ግን አባቴ ራሱ እነሱን ማመኑ ነበር። ጎረቤታችን ጋሼ ሰይድ ባጃጅ ይነዳሉ። ሙስሊም ስለሆኑ በዚህ ነገር ጣልቃ መግባት ፈርተው ነበር፤ አርብ ጧት ግን እጁን ሲያዩት አልቻሉም። «አንተ በቀለ፣» አሉት፣ «በሽታውን አላህ አመጣው ካልክ መድኃኒቱንስ ማን ያመጣው ይመስልሃል? ተነሥ፣ ሸዋሮቢት ሆስፒታል ላድርስህ።» አባቴ አመስግኖ አልሄድም አለ። ከሰዓት በኋላ ትኩሳት ያዘው። ክንዱ ላይ ወደ ላይ የሚወጣ ቀይ መስመር አየሁ። በዚህ ዓይነት ቁስል ሰው ሊሞት እንደሚችል አውቅ ነበር።

በኛ ግቢ ጥላ ያለው ዛፍ ስለሌለ አባቴ ጋሼ ሰይድ ማንጎ ሥር ተኝቶ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩና ለመንኩት። 

«ብርቄ፣» አለኝ፣ «እጄ አይደለም ያሳሰበኝ። ልቤ ነው።»

«ልብህ ምን ሆነ?»

«ከፍቶኛል። በእሱ ከፍቶኛል።» በዓይኑ ወደ ላይ አመለከተ። «እንዳይወድቅ ብዬ ነው የያዝኩት። ለዚህ ነው የምመታው?»

ወዲያው በጤነኛው እጁ አፉን ያዘ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አየሽ ኃጢአቴ ይኼ ነው አለኝ። እጁ የነካው ምናልባት ይቅር ይባል ይሆናል፤ በፈጣሪው የከፋው ሰው ግን በየትኛው አፉ ይለምናል? ሐኪም ቤት መሄድም ከእሱ መሸሽ ነው፤ የመጣውን እቀበላለሁ አለ።  ግቢ ውስጥ ስንከራከር ሁላችንም ጤነኞች ነን፤ ማንም ትኩሳት የለውም። አባቴን በምን ላሳምነው? እግዚአብሔር አይቀጣም ልበለው? መጽሐፉን በሙሉ እኔ ነኝ ያነበብኩለት። በጥፋት ውኃ የሰጠሙትን፣ በሰዶም የተቃጠሉትን፣ በግብፅ የሞቱትን በኩሮች፣ ሁሉንም በጥርት ድምፄ አንብቤለታለሁ።

ቅዳሜ ጋሼ ደምሴ ሰው ልከው አስጠሩኝና ያሰቡትን ነገሩኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ምእመናን በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር ይሰበሰባሉ። እኔ ሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ ስድስትን ከመጀመሪያው አንሥቼ እስከ ቁጥር ሰባት አነባለሁ። ከዚያ አባቴ በሕዝቡ ፊት እንደ ዖዛ መቀሠፉን አምኖ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ጉዳዩም ያበቃል።

«ከራሳችሁ ቤት አፍ ቢሰማ ይሻላል፣» አሉኝ። «ለአባትሽ ብዬ ነው። ቁጥር ሰባት ላይ ታቆሚያለሽ። አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ።»

እሺ አልኩ። ሌላ መልስ መስጠት አልለመድኩም።

ቤት ስመለስ መጽሐፉን ይዤ ማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። ምዕራፉን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሁልጊዜ የማስታውሰው ግን አሁን የምነግራችሁን ያህል ብቻ ነበር። ዳዊት ታቦቱን ሲያመጣ በሬዎቹ ተደናቅፈው ይፋንናሉ፤ ዖዛ እጁን ዘርግቶ ታቦቱን ይይዛል፤ እግዚአብሔርም ይቀሥፈዋል፤ በዚያው ይሞታል። በዚያ ቀን ግን ቀስ ብዬ ስሄድ ከዚህ በፊት ዘልዬው ያለፍኩት ነገር አጋጠመኝ። ታቦቱ የተጫነው በአዲስ ሰረገላ ላይ ነው። ታቦት ደግሞ በትከሻ እንጂ በሰረገላ እንዳይሄድ በኦሪት ዘኍልቍ ታዟል፤ ይህን በግቢ ጉባኤ ተምሬያለሁ። አዲሱን አይሱዙ አስታወስኩ። ከዚያ ቁጥር ስምንትን አነበብኩ። ደግሜም አነበብኩት። አጠገቤ የተኛውን አባቴን አልቀሰቀስኩትም። ትኩሳቱ እያስቃዠው ስለነበር የሚሰማኝ አልመሰለኝም።

እሑድ ግቢው ሞልቶ ነበር። አባቴ በእናቴ ተደግፎ መጣ። ቦታ የለቀቀለት ሰው አልነበረም፤ ከግንቡ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እጁን በነጠላ ሸፍኗል፤ ሽታው ግን ይሰማል። ሴቶች አፍንጫቸውን ይዘው ፈቀቅ አሉ። ቄስ አያሌው ከተጎዱ ጀምሮ ከቤታቸው አልወጡም ነበር። በዚያ ቀን መቋሚያቸውን ተደግፈው መጥተው ሊቀ መንበሩ አጠገብ ተቀመጡ።

ቆሜ አነበብኩ። ድምፄ ጥርት ብሎ ወጣ፤ በዚህም አፈርኩ። ዖዛ ታቦቱን ሲይዝ ሰዎች ወደ አባቴ ዞሩ። እንደሞተ ሳነብ አንድ ሽማግሌ አማተቡ።

«ይበቃል፣» አሉ ጋሼ ደምሴ። «በቀለ፣ ተነሥ።»

አባቴ ሊነሣ ግንቡን ያዘ። እናቴ ትከሻውን ጫን ብላ አስቀመጠችው። እናቴ በሕዝብ መካከል ተናግራ አታውቅም።

«ጋሼ ደምሴ፣» አለች፣ «ልጅቷ ሰረገላ ስትል ሰማሁ። ሰረገላውን ያመጣው ሰውዬ ምን ሆነ?»

ጉርምርምታ ተነሣ። ከኋላ አንድ ወጣት፣ ሰረገላው ባለ ስንት ጎማ ነበር ብሎ ጠየቀ፤ ብዙዎች ሳቁ። ሳቁ መልካም ሳቅ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ አባቴ ላይ የነበረው ዓይን ዞሮ ጋሼ ደምሴ ላይ ሲያርፍ አየሁት። ፊታቸው ላብ አወጣ። እኔ ታቦቱን አከበርኩ እንጂ ምን አጠፋሁ፣ አንቺ ሴትዮ ፈጣሪ ላይ ልትፈርጂ ነው ወይ አሉ። እናቴም ወደ ኋላ አላለችም።

«የጫነው ደህና ነው፤ የደገፈው ሞተ። ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው? እኔ አልገባኝም። የገባው ካለ ይንገረኝ።»

ሁሉም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመረ። አንዱ ቅዱስ ነገር አይነካም፣ ሐሳቡ መልካም ቢሆንም እሳት እሳት ነው ይላል። ሌላው እንዲህ ከሆነማ ነገ ቄስ ሲወድቅ ማንም አይዝም ብሎ ይመልሳል። አንድ ሰው እናቴን ተሳደበ። እኔ መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ፤ አቁሚ ተብያለሁና አቁሜያለሁ። ጋሼ ደምሴ ወደኔ ዞረው ተቀመጪ አሉኝ።

ቄስ አያሌው መቋሚያቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ብርቄ፣ ምዕራፉ አላለቀም።»

ጋሼ ደምሴን አየሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንዳላነብ ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ታላቅ ሰው አታድርጊ እያለኝ አደረግሁ። ቁጥር ስምንትን አነበብኩ፤ እግዚአብሔር ዖዛን ስለ ሰበረው ዳዊት እንዳዘነ የሚናገረውን።

«ቆይ፣» አለ አባቴ።

ጫጫታው ረገበ።

«ማን ነው ያዘነው?»

«ዳዊት፣» አልኩ።

«በማን?»

ዓይኔን ወደ ቄስ አያሌው መለስኩ። እርሳቸው መለሱለት፤ «በእግዚአብሔር ሥራ ነዋ። ከፋው። ንጉሡ በአምላኩ ሥራ ከፋው። ተጽፏል።»

አባቴ ወደኔ ዞረ። ዓይኑ በትኩሳት ቀልቷል።

«ከዚያስ? ዳዊትን ምን አደረገው?»

 መልሱን አውቀዋለሁ፤ ከቅዳሜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግን ስሕተት እንዳይሆን ፈርቼ የቀረውን በዓይኔ እንደገና አየሁት።

«ምንም፣» አልኩ። «ምንም አላደረገውም አባባ።»

 አባቴ እጁን ከነጠላው ውስጥ አወጣው። ጥቁርና ሰማያዊ ሆኖ ነበር። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ አየው።

«ሰይድን ጥሩልኝ፣» አለ።

ጋሼ ሰይድ ከበሩ ውጭ ባጃጃቸውን አቁመው ሲጠብቁ ኖሯል። እናቴና አንድ ዲያቆን ደግፈው አወጡት። ጋሼ ደምሴ ይቅርታ ሳይጠይቅ ነው ወይ የሚሄደው ብለው ሲጮኹ ሰማሁ። ቄስ አያሌውም፣ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ፣ መኪና ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ አሉ። እኔ አልተከተልኳቸውም፤ ጀምሬያለሁና ምዕራፉን ቀጠልኩ። ዳዊት ፈርቶ ታቦቱን ወደ ከተማው እንዳላስገባ፣ ወደ አንድ የጌት ሰው፣ ወደ ባዕድ ሰው ቤት እንዳገባው፣ ያ ቤት እንደተባረከ አነበብኩ። ባጃጁ «ቢስሚላህ» ከሚለው የጋሼ ሰይድ ድምፅ ጋር ተነሥቶ ሲሄድ እየተሰማኝ ነበር። የሚያዳምጠኝ ሰው ጥቂት ነበር። ግማሹ ሕዝብ አይሱዙውን እየተሳደበ፣ ግማሹ እናቴን እየተሳደበ ይወጣ ነበር።

ሸዋሮቢት ሆስፒታል ሐኪሞቹ፣ አንድ ቀን ቢዘገይ ክንዱ ይቆረጥ ነበር አሉን። የመሐል ጣቱን ብቻ አጣ። በሰፈሩ ይህም ሁለት ትርጉም አለው። ለአንዳንዶቹ ጣቱ የቅጣቱ ምስክር ነው፤ ለሌሎቹ የቀሩት አራቱ የምሕረቱ ምስክር ናቸው። ጋሼ ደምሴ ከሊቀ መንበርነታቸው ወረዱ፤ በሳምንቱ የአይሱዙአቸው የፊት መስታወት በድንጋይ ተሰብሮ ተገኘ። ይህም የእግዚአብሔር ፍርድ ነው የሚሉ ነበሩ። አባቴ ሲሰማ ተቆጣ። ድንጋይ የወረወረው የሰው እጅ ነው፤ በእግዚአብሔር አታሳብቡ አለ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ከእኔ መልስ እንዳትጠብቅ። ዖዛ ለምን እንደሞተ ዛሬም አላውቅም። ቄስ አያሌውን ጠይቄአቸው፣ ይህን ምዕራፍ ስንት ዘመን አነበብኩት፣ እኔም አላውቅም ብለውኛል። መኪናው ጥፋት ነበር ብል እንኳ፣ በሰረገላ የጫነው ተርፎ የደገፈው መሞቱ እንደ እናቴ አልገባኝም። አንድ የተለወጠ ነገር ግን አለ። በፊት ቅጣትን ስናነብ የተቀጣው ጋ ስንደርስ እናቆም ነበር። ጣታችንን የምንቀስርበት ሰው ከተገኘ የቀረው አያስፈልገንም። አሁን ግን አቁሚ የሚለኝ ሰው ባለበት ሁሉ ቀጣዩን ቁጥር አያለሁ። ያዘነው ሰው ሁልጊዜ እዚያ ነው። ማዘኑንም መጽሐፉ አልሰረዘበትም። የግቢ ጓደኞቼ ስለ ፍትሕ ሲከራከሩ ዝም የምለው መልስ ኖሮኝ ሳይሆን፣ ከመካከላቸው ትኩሳት ያለበት ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ስለማስብ ነው። እናንተም አስቡበት።

ዕረፍቴ አልቆ ልመለስ ስል ለመጨረሻ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። አባቴ በሩ ላይ ቆመ፤ ልግባ አልግባ ሲያመነታ ሰዎች ያዩታል፤ የሚያየው ሁሉ ወዳጅ አልነበረም። ቄስ አያሌው መስቀላቸውን ይዘው ወደ በሩ መጡ። አባቴ ሊሳለም ጎንበስ ሲል፣ እርሳቸው መጀመሪያ ቀኝ እጁን፣ ያንን የደገፋቸውን እጅ፣ ያዙና ሳሙት። ከዚያ መስቀሉን ሰጡት።  ማንም «ነካው» አላለም። እሑድ የካቲት አንድ ቀን ነበር።